ከዳይኪሪ መጀመር፦ የኮክቴል ክፍል በፖርቶ ሪኮ የሩም ቤቶች

ሩም የሚባለውን ጠንካራ መጠጥ የሚያወጡ ፋብሪካዎች ለጎብኚ ከሚሸጧቸው ነገሮች ሁሉ ለገንዘብ የሚያዋጣው የኮክቴል ክፍሉ፣ ማለትም ጎብኚው ራሱ መጠጥ መቀላቀል የሚማርበት ትምህርት ነው ባይ ነኝ። ተራው ጉብኝት አጭር ፊልም ያሳያል፣ በርሜል ያስነካል፣ መጨረሻ ላይ ሱቁ በር ላይ ይጥላችኋል። የኮክቴል ክፍሉ ግን እጅ ላይ የሚቀር ሙያ አለው። ይህም የሚሆነው ክፍሉ ተመርጦ ከተገባና ተማሪው ምን መመልከት እንዳለበት አስቀድሞ ካወቀ ነው። ያለዚያ ዳይኪሪ፣ ሞሂቶና ፒኛ ኮላዳ የሚባሉትን ሦስት መጠጦች ጠጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መውጣት ነው፤ ለዚያማ የትኛውም ባር ይበቃል።

የምጽፈው ስለ ፖርቶ ሪኮ ነው። ሁለት የታወቁ የሩም ቤቶች ከዋና ከተማዋ ከሳን ሁዋን አፍንጫ ሥር ይገኛሉ፤ ሁለቱም ጎብኚ ባንኮኒ ላይ አቁመው ያስተምራሉ። ደሴቲቱ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ከዲሲም ሆነ ከአትላንታ ለሚነሣ ሰው በረራው የአገር ውስጥ በረራ ነው። መጠጥ የሚፈቀድበት ዕድሜ ደግሞ እዚያ 18 ነው። በተቀረው አሜሪካ 21 መሆኑን የለመደ ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል፤ ኮሌጅ የገባው ልጅ እኔም ልመዝገብ ማለቱ አይቀርም።

የመጀመሪያው ካሳ ባካርዲ ነው። ካታኞ በምትባል ከተማ፣ ከአሮጌው ሳን ሁዋን ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ይገኛል። ከአሮጌው ከተማ ወደብ በሕዝብ ጀልባ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከካታኞ ማረፊያ ደግሞ አጭር የታክሲ መንገድ ይቀራል። ባካርዲ የተመሠረተው በኩባዋ ሳንቲያጎ ከተማ ነው፤ ዘመኑ 1862፣ መሥራቹ ፋኩንዶ ባካርዲ ማሶ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፖርቶ ሪኮ ላይ ሩም ማውጣት የጀመረው በ1936 ነው። በ1960 የኩባ መንግሥት ንብረቱን ሲወርስ ቤቱን ያተረፈው ይኸው ውጭ የተተከለው እግሩ ነበር። ጎብኚው የሚሰበሰብበት ድንኳን ክንፉን የዘረጋ የሌሊት ወፍ ይመስላል፤ የሌሊት ወፏ የጠርሙሱም ምልክት ናት።

ሁለተኛው ባያሞን ውስጥ፣ ሐሲየንዳ ሳንታ አና በሚባል አሮጌ እርሻ ላይ ያለው ሮን ዴል ባሪሊቶ ነው። ሩሙ ከ1880 ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ ግቢው ውስጥ ከዚያም የሚቀድም የንፋስ ወፍጮ ቆሟል። በጥብቅ ከተነጋገርን ይህ ቤት ሩም አያወጣም። ሌላ ፋብሪካ ያወጣውን ገዝቶ፣ ኦሎሮሶ የሚባል የስፔን ሼሪ ወይን በነበረባቸው በርሜሎች ያቆያል፣ ያዋሕዳል። እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ የጣዕሙ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከበርሜሉ ነውና። መጋዘኑ ውስጥ ብዙ ዓመት የቆየ አንድ በርሜል አለ። ፖርቶ ሪኮ ነጻ አገር እስክትሆን አይከፈትም፣ ያን ቀን ባያሞን አደባባይ ወጥቶ ለሕዝብ በነጻ ይቀዳል ተብሎ የተቀመጠ ነው። በዚያ ሙቀት በርሜል በየዓመቱ ከይዘቱ እየተነነ ስለሚሄድ፣ ነጻነቱ በዘገየ ቁጥር ሕዝቡ የሚደርሰው እያነሰ ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሚጠየቁ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ፤ ለየትኛውም አገር የሩም ቤት ይሠራሉ። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ዕቃ አለው ወይ? “ክፍል” ተብሎ አስተማሪው ሲሠራ ቆሞ ማየት የሆነባቸው ቦታዎች አሉ። ለሁለት ሰው አንድ ሸከር (መጠጡ የሚነቀነቅበት ጣሳ) ማለትም ግማሽ ትምህርት ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ሎሚው እዚያው ይጨመቃል ወይስ ከጠርሙስ ይቀዳል? ሎሚና ስኳር አንድ ላይ ተዘጋጅቶ በጠርሙስ ከቀረበ፣ ልትማሩት የሄዳችሁትን ዋናውን ነገር ሌላ ሰው ሠርቶላችኋል፤ እኔ ብሆን አልከፍልበትም። ሦስተኛው፣ ሩሙ ከመቀላቀሉ በፊት ንጹሑን ያስቀምሳሉ ወይ? ሰዓቱንም ምረጡ። ሳን ሁዋን ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች የሚያርፉባት ወደብ ናት፤ መርከብ በገባበት ቀን ክፍሎቹ ይጨናነቃሉ፣ አስተማሪውም ይጣደፋል። በሥራ ቀን፣ በጧቱ ፈረቃ ቦታ ያዙ። ጉርሻ እንደ አሜሪካ ሥርዓት ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ባንኮኒው።

ንጹሑን ሩም ሳይቀምሱ መቀላቀል መጀመር ትርጉም የለውም። ሩም የሚወጣው ከሞላሰስ ነው፤ ስኳሩ ከወጣለት በኋላ ከሚቀረው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ። እኛ አገር ፊንጫና መተሐራ ላይ ኤታኖል የሚወጣበት፣ ከብት አድላቢውም መኖ ላይ የሚያርከፈክፈው ያው ሞላሰስ ነው። በውሃ ይቀጥናል፣ እርሾ ይገባበታል፣ ድፍድፉ ሲፈላ ወደ ማንጠሪያው ይሄዳል። እዚህ ላይ መንገዱ ሁለት ነው። ጃማይካዎች ብዙ ጊዜ በድስት ያነጥራሉ፤ ዳግም አረቄ ሲወጣ እንደምናየው በዙር በዙር ስለሚወጣ ሽታውና ውፍረቱ አብሮ ያልፋል። የፖርቶ ሪኮ ቤቶች ደግሞ በረጅም ዓምድ ያነጥራሉ። እንፋሎቱ ዓምዱ ውስጥ በተደረደሩ ሳህኖች እያለፈ ሲወጣ ከባዱ ነገር ከታች ይቀራል፤ ከላይ የሚገኘው ቀላልና ንጹሕ ነው። በፖርቶ ሪኮ ሕግ ሩም ለመባል ቢያንስ አንድ ዓመት በርሜል ውስጥ መቆየት አለበት። ነጩ የባካርዲ ሩም ሳይቀር ቆይቶ ነው ነጭ የሚሆነው፤ በርሜሉ የሰጠውን ቀለም በከሰል አጥልለው ያወጡታል።

ለመቅመስ 15 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትቅበሩት፤ አፋችሁን ትንሽ ከፍታችሁ ከጠርዙ አሽትቱ፣ ያለዚያ አልኮሉ አፍንጫ አቃጥሎ ሌላውን ሽታ ይሸፍነዋል። መጀመሪያ ትንሽ ጉንጭ ወስዳችሁ አፋችሁን አለማምዱ፤ የምትፈርዱት በሁለተኛው ላይ ነው። ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩና እንደገና ቅመሱ። መያዝ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሩም ደረቅ ነው ወይስ ጣፋጭነት አለው? አንዳንድ ሩሞች ከተነጠሩ በኋላ ስኳር ይጨመርባቸዋል፤ በእነሱ የምትሠሩት ኮክቴል ላይ ሽሮፑ (በውሃ የሟሟው ስኳር) መቀነስ አለበት።

ከሦስቱ መጠጦች መጀመሪያ የሚሠራው ሞሂቶ ከሆነ፣ ይቻላል ከተባለ ዳይኪሪውን አስቀድሙልን በሉ። ዳይኪሪ መደበቂያ የለውም፤ ሩም፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ በቃ። እሱ ላይ ሚዛን የያዘ ምላስ ሞሂቶውንም ኮላዳውንም ያስተካክላል። ስሙ የመጣው በሳንቲያጎ ደ ኩባ አቅራቢያ ካለው የባሕር ዳርቻና የብረት ማዕድን ስፍራ ነው። ጄኒንግስ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ የማዕድን መሐንዲስ በ1898 ገደማ እዚያ እንደሠራው ይነገራል።

ከሩሙ በፊት ሽሮፑ። ብዙ ሰው ቤቱ ሲሞክር የሚበላሸው እዚህ ነው። “አንድ ለአንድ” ሲባል በክብደት ነው፦ 200 ግራም ስኳር በ200 ግራም ሙቅ ውሃ፣ ስኳሩ እስኪሟሟ ማማሰል። መፍላት አያስፈልገውም፤ ከፈላ ውሃው ይተንና ሽሮፑ ከታሰበው ይጠነክራል። በስኒ የሚለካ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል። አንድ የአሜሪካ ስኒ ስኳር 200 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ያው ስኒ ውሃ 240 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ሽሮፑ ይቀጥናል፣ መጠጡም ይኮመጥጣል፤ ሰውየው ግን ጥፋቱን ሎሚው ላይ ያደርጋል። በክብደት የተሠራ አንድ ለአንድ ሽሮፕ በ20 ሚሊ ሊትር ውስጥ 12 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። አንዳንድ ቤት ሁለት ለአንድ፣ ማለትም ስኳሩ እጥፍ የሆነውን ይጠቀማል። የዚያ 14 ሚሊ ሊትር ከዚህኛው 20 ጋር እኩል ያጣፍጣል። ስለዚህ አስተማሪው “20 ሽሮፕ” ሲል የትኛው ሽሮፕ እንደሆነ ጠይቁ፤ ያለዚያ ቤት ወስዳችሁ የምትሠሩት ሌላ መጠጥ ነው። ስኳሩ በደረቁ ለምን አይገባም ለሚል፣ በቀዝቃዛና አልኮል ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ስኳር ቶሎ አይሟሟም፤ ታች ተቀምጦ የመጨረሻው ጉንጭ ላይ ያገኛችኋል።

ሎሚው በዚያው ቀን፣ ቢቻል በዚያው ሰዓት መጨመቅ አለበት። የአሜሪካ ገበያ ላይ ያለው ትልቁ፣ ፍሬ የሌለው አረንጓዴ ሎሚ ከአንዱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። በመዳፋችሁ ጫን ብላችሁ ጠረጴዛ ላይ አንከባሉትና ቁረጡት። በመጭመቂያው ውስጥ የተቆረጠው ፊት ወደ ታች ነው የሚሆነው፤ ብዙ ሰው ቅርጹ ስለገጠመለት ብቻ ገልብጦ ያስቀምጠዋል። አንዴ ተጭኖ ጭማቂው ሲያቆም ይተዋል። ደጋግሞ መጭመቅ የነጩን ልጣጭ ምሬትና የቅርፊቱን ዘይት ነው የሚጨምረው።

የዳይኪሪው ልክ፦ 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ሩም፣ 25 ሎሚ፣ 20 አንድ ለአንድ ሽሮፕ። ሸከሩ ሁለት ጣሳ ነው፣ ትልቅና ትንሽ። ትንሹን ጣሳ ያዙና መጀመሪያ ሎሚውን፣ ቀጥሎ ሽሮፑን፣ መጨረሻ ላይ ሩሙን አፍስሱ። ከርካሹ መጀመር የባር ቤት ደንብ ነው፤ ልኩን ብትስቱ የምትደፉት ሎሚና ስኳር ብቻ ይሆናል። መለኪያውን ስትሞሉ ከዓይናችሁ ትይዩ አድርጉት፣ ፈሳሹ እስከ ጠርዙ ይድረስ። “ዳር ዳሩን” ብሎ መተው በ25 ላይ በቀላሉ 5 ሚሊ ሊትር ያጎድላል፤ 5 ሚሊ ሊትር ሎሚ ደግሞ ምላስ ያውቀዋል።

በረዶው የሚገባው በመጨረሻ ነው፣ ትልቁ ጣሳ ውስጥ፣ ከግማሽ በላይ ሞልቶ። ትንሹን በትልቁ ላይ ገልብጣችሁ ትንሽ አዘንብላችሁ ግጠሙትና ከላይ በመዳፋችሁ አንዴ መታ አድርጉት። ቀጥ አድርጎ የገጠመ ሰው መክፈቻው ላይ ይቸገራል። በሁለት እጅ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ትንሹ ጣሳ ወደ ራሳችሁ ዞሮ ይያዛል፤ ቢከፈት የሚረጨው እናንተ ላይ እንጂ ፊት ለፊት ባለው ሰው ላይ አይሆንም። ከዚያ በትከሻ ኃይል፣ በረዶው ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተላተመ፣ ከ10 እስከ 12 ሰከንድ። ጎብኚዎች አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ሰከንድ ያህል አፍረው ነቅነቅ ያደርጉና ያቆማሉ። አትፈሩ፤ ጣሳው ላይ ውርጭ ሲይዝና እጅ መቆንጠጥ ሲጀምር ደርሷል።

ሲደርስ ጣሳዎቹ አልላቀቅ ይላሉ፤ ውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ስለተኮማተረ ይሳባሉ። በጉልበት አትጠምዝዙት። ሁለቱ ጣሳዎች ከሚነካኩበት መስመርና ክፍተቱ ከሚሰፋበት ጎን መካከል ያለውን ቦታ ፈልጋችሁ በመዳፍ ተረከዝ አንዴ ምቱት፣ ይለቃል። ባንኮኒ ጠርዝ ላይ መምታት ጣሳውን ያጎብጠዋል፣ የጎበጠ ጣሳም ከዚያ ወዲያ ያፈሳል። ጥቅልል ሽቦ ባለው ማጥለያ፣ ከሥሩ ደግሞ በሻይ ማጥለያ አድርጋችሁ ቀድሞ በቀዘቀዘ ብርጭቆ ውስጥ ቅዱት።

አሁን የገባውንና የወጣውን አነጻጽሩ። ጣሳው ውስጥ የገባው 105 ሚሊ ሊትር ነበር። የወጣው 150 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከበረዶው የቀለጠ ውሃ ነው፣ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሊትር፤ ከሎሚውም ከሽሮፑም ይበልጣል። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ትኩረት የሚገባው ይሄ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን አይጻፍም። በረዶ መጠጡን የሚያቀዘቅዘው በመቅለጡ ስለሆነ፣ ቅዝቃዜውን ፈልጎ ውሃውን መሸሽ አይቻልም። ቀዝቃዛና ያልቀጠነ ዳይኪሪ አፍ ያቃጥላል፣ ሎሚውና ስኳሩም ተለያይተው ይሰማሉ። ውሃው ሲገባ ነው አንድ የሚሆኑት። በሌላ በኩል፣ ባንኮኒ ላይ ተቀምጦ ላብ ያወጣ በረዶ ገና ከመነቅነቁ በፊት የተሸከመው ውሃ አለ፤ ያ ውሃ ምንም ሳያቀዘቅዝ ይገባና መጠጡን ያሳሳዋል። ስለዚህ በረዶው ከማስቀመጫው ሲወጣ እርጥብ ከሆነ ውሃውን አራግፉ። አስራ ሁለት ሰከንድ ካለፈ በኋላ ደግሞ ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም። መጠጡና በረዶው ቅዝቃዜያቸው ተቀራርቧል፤ ከዚያ ወዲያ የሚደክመው ክንድ ነው።

ክፍሉ ከፈቀደ ከመነቅነቁ በፊትም ከተነቀነቀ በኋላም ቅመሱ። በገለባ ነው የሚቀመሰው፦ ገለባውን ነክራችሁ ከላይ በጣት ዝጉትና ጠብታዋን ምላስ ላይ ልቀቁ። ከመነቅነቁ በፊት በጣም ጣፋጭና በጣም ኮምጣጣ፣ ትንሽም የሚያስቸግር መሆን አለበት። በዚያ ሰዓት “ልክ ነው” የሚባል መጠጥ በረዶ ሲነካው ውሃ ውሃ ይላል። ማስተካከያው በ5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ጉሮሮ ላይ የሚሰነጥቅ ከሆነ 5 ሽሮፕ፣ ምላስ ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ 5 ሎሚ። ሁለቱንም ጨምራችሁ ካልተስተካከለ ጥፋቱ በረዶው ላይ ነው።

ሞሂቶው ላይ ሰዎች የሚበድሉት ናናውን ነው። ዘነዘና ሲሰጣቸው በርበሬ የሚወቅጡ ይመስል ይወርዱበታል። የናና ሽታ ያለው ቅጠሉ ላይ፣ ከላዩ ባሉ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ጫን ማለት ብቻ ይበቃቸዋል። ቅጠሉ ሲቀደድ አረንጓዴው ጭማቂ ይወጣል። እሱ መራራ ነው፣ ቅጠሉም ወዲያው ይጠቁራል፣ ስብርባሪውም ጥርስ ውስጥ ይገባል። ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ከ8 እስከ 10 ቅጠል፣ 20 ሽሮፕና 25 ሎሚ አድርጉ፤ በዘነዘናው አራት አምስት ጊዜ ጫን ጫን ብላችሁ ተዉት። 50 ሩም ጨምሩ፣ የተሰበረ በረዶ እስከ ሦስት አራተኛው ሙሉ፣ በረጅም ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ ሁለት ጊዜ አንሡት። ሶዳ ውሃው 60 ገደማ ሆኖ በመጨረሻ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ አንዴ ብቻ ይማሰላል። ሶዳ ያለበትን መጠጥ ሸከር ውስጥ መነቅነቅ ጣሳውን በግፊት ያስከፍተዋል፤ በየክፍሉ ቢያንስ አንድ ሰው ሳይሞክረው አይቀርም። ለማስጌጫ የሚሆነውን ዘለላ በሁለት መዳፍ መሐል አንዴ አጨብጭባችሁበት ገለባው አጠገብ ሰኩት፤ ሲጠጣ አፍንጫ እዚያ ያርፋል።

ፒኛ ኮላዳ የፖርቶ ሪኮ የራሷ ነው፤ በ1978 የደሴቲቱ ብሔራዊ መጠጥ ተብሎ ታውጇል። ካሪቤ ሒልተን ሆቴል ውስጥ ራሞን “ሞንቺቶ” ማሬሮ በ1954 ፈጠረው የሚለው ታሪክ ይበልጥ የታወቀ ነው። አሮጌው ሳን ሁዋን ውስጥ ያለው ባራቺና ምግብ ቤትም የእኔ ነው ይላል፣ በሩ ላይ ጽሑፍ ሰቅሏል። ልኩ 50 ሩም፣ 50 አናናስ ጭማቂ፣ 30 የኮኮናት ክሬም ነው። የኮኮናት ክሬሙ ስኳር ያለበት፣ በቆርቆሮ የሚሸጠው ወፍራሙ ነው፤ ለወጥ የሚሆነው የኮኮናት ወተት አይተካውም። እሱን ካላገኛችሁ በወተቱ ላይ 20 ያህል ሽሮፕ ጨምሩ። ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ቅባቱ ከላይ ይረጋና ከሥር ውሃ ይቀራል። ከመክፈት በፊት ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይቶ በደንብ መነቅነቅ ነው፣ ያለዚያ ብርጭቆው ላይ ነጭ ጓል ይንሳፈፋል። ብሌንደር ውስጥ ፈሳሹ ቀድሞ፣ አንድ ብርጭቆ የተሰበረ በረዶ ቀጥሎ። በረዶው ከበዛ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል፤ ካነሰ የቀዘቀዘ ጭማቂ ይሆናል። ብርድ የጣፋጭነትን ስሜት ስለሚቀንስ፣ ሳይፈጭ ልክ የነበረ ኮላዳ ከተፈጨ በኋላ ደብዝዞ ይመጣል። ሁልጊዜ የምመክረው ግን 10 ሚሊ ሊትር ሎሚ ነው። ፖርቶ ሪኮዎቹ ሁሉ አይስማሙበትም፤ ያለሱ ግን ከግማሽ ብርጭቆ በላይ ይሰለቻል።

ሂሳቡን እንሥራ። 60፣ 50 እና 50 ሲደመር 160 ሚሊ ሊትር ሩም ነው። በ40 በመቶ 64 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል፣ በክብደት 50 ግራም ገደማ። አንድ 355 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ የሆነ ቢራ 14 ግራም ይይዛል፤ ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሦስት ተኩል ቢራ በላይ መሆኑ ነው። ቅምሻውንና ሲገቡ የሚሰጠውን መጠጥ አልቆጠርኩም። ስኳሩና ቅዝቃዜው ስለሚሸፍነው እዚያው አይታወቅም፤ የሚታወቀው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ነው። በልታችሁ ሂዱ፣ በመሐል ውሃ ጠጡ፣ ከእያንዳንዱ ግማሹን ትታችሁ ብትሄዱ ማንም አይቆጣም። መኪና ተከራይቶ መሄድ ሞኝነት ነው። የማይጠጣ ሰው ያለ ሩም ልሥራ ቢል አብዛኛው ቦታ አይከለከልም፤ የሎሚውንና የስኳሩን ሚዛን ያለ አልኮልም መማር ይቻላል።

አዲስ አበባ ላይ ለሚሞክር ሰው ነገሩ ከሚያስበው ይቀላል። ትንሹ፣ ፍሬ የሚበዛበት የገበያችን ሎሚ ለዚህ መጠጥ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ከአሜሪካው ይበልጥ ይኮመጥጣል፣ ጭማቂው ግን ትንሽ ነው፤ ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ሦስት ያስፈልጋል፣ ልኩም ከ25 ይልቅ በ20 ቢጀመር ይሻላል። ለሻይ የምንገዛው ናና ሞሂቶውን ይሸከመዋል። በሶዳ ፈንታ የአምቦ ውሃ ይሆናል፤ የራሱ የማዕድን ጣዕም ስላለው ግን 60 ሳይሆን 40 ይብቃው። በሩሙ ቦታ አረቄ ለማስገባት የሚፈተኑ አሉ። ኡዞው በአኒሱ ሎሚውን ይውጠዋል፤ ካቲካላውም የጌሾና የጭስ ሽታው ናናውን ያጠፋዋል። ሁለቱም ለብቻቸው በመለኪያ ሲጠጡ ክብራቸው አለ፣ እዚህ አትጨምሯቸው።

ከፋብሪካው ሱቅ ጠርሙስ ለሚገዛ፦ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ፍተሻውን አያልፍም፣ ስለዚህ በሚጫነው ሻንጣ ነው የሚሄደው። በአሜሪካ የበረራ ደንብ ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ማሸጊያው ሳይከፈት ለአንድ መንገደኛ እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ከ70 በመቶ በላይ የሆነ በጭራሽ አይጫንም። ሳን ሁዋን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣ ከመስጠታችሁ በፊት የግብርና ፍተሻ አለ፣ ለፍራፍሬና ለዕፅዋት ነው። ሎሚውንና ናናውን እዚያው ትታችሁ፣ የሽሮፑን ልክ ብቻ ጽፋችሁ ያዙ።